ዝም ያለ ይበላል

አርባ ምንጭ ነበርኩ። ለአንድ ጽሑፍ መረጃ ስሰበስብ ሰንብቼ ሥራዬ ቀደም ብሎ አለቀልኝና፣ በእጄ የቀረችውን አንዲት ቀን በከንቱ ከማሳልፋት ብዬ ማልጄ ወደ ጫሞ ሐይቅ ወረድኩ። ፀሐይ ከአማሮ ተራሮች ጀርባ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩት ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ወደ ዳር ስበው መረባቸውን ይዘረግፋሉ። ከአንደኛው ጀልባ አጠገብ ቆሜ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የሚጠጋ አንድ ሰው ዓሣ ከመረብ ሲፈቱ መመልከት ጀመርኩ። ቆሮሶው ይበዛል። አንዱ ይወራጫል፤ አንዱ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሌላው ጸጥ ብሏል። ድምፅ የሚያሰማ ግን የለም። መቼም ከዓሣ ድምፅ የሚጠብቅ ሰው አይኖርም።

በዚህ መሐል «ሲጢጥ... ሲጢጥ...» የሚል ነገር ሰማሁ። ማጠፊያው ዘይት ያጣ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት። መጀመሪያ የጀልባው ሳንቃ መስሎኝ ነበር። ድምፁ የመጣው ግን ከሰውየው እጅ ነው። ጺም ያላት፣ በሁለት ጎኖቿና በጀርባዋ ጠንካራ እሾህ የገተረች ዓሣ ይዘዋል።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይቺ ናት፤ ታለቅሳለች» አሉኝ፣ እሾኋ እንዳይወጋቸው እየተጠነቀቁ። «ትንሿ ልጄ ይቺን ድስት ውስጥ ካየች እህል አትቀምስም። ስታለቅስ ሰምታታለቻ!»

«ቆሮሶውንስ?»

«ቆሮሶውንማ አጥንቱን ሳይቀር ነው የምትግጠው።»

«ለምን?»

ሰውየው የሞኝ ጥያቄ የጠየቅኋቸው ያህል ሳቁ። «እሱ ምን ይላል ብለህ ነው ልጄ? ዝም ያለ ይበላል!»

እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። የዚያን ዕለት ምሳዬም የተጠበሰ ቆሮሶ ነበር። ግን ያቺ አባባል ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ አብራኝ ተጓዘች። ቤቴም ገባች። እነሆ እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። ዝም ያለ ይበላል... ለመሆኑ የዚያች ሕፃን ርኅራኄ ትክክል ነው? ያለቀሰውን አልበላም፣ ዝም ያለውን ግን እበላለሁ ማለት የፍትሕ መለኪያ ሊሆን ይችላል? ደግሞስ ዝም ያለው በእርግጥ ዝም ብሏል?

*

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ምክንያቱም እሱ በዕውቀት የሚመለስ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዓሣ እንደኛ ከሳንባው አየር አስወጥቶ በጉሮሮው አይጮኽም። ታዲያ በምን ድምፅ ያሰማል? መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። ለአገራችን ሰው የሚቀርበው ምሳሌ የሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ይመስሉኛል። አንዳንዱ ዓሣ እንደ መሰንቆ በመፋተግ፣ አንዳንዱ እንደ ከበሮ በመመታት፣ አንዳንዱም (ሳቅ እንዳይዛችሁ እንጂ) እንደ ዋሽንት አየር በማውጣት ይሰማል።

በጫሞ ዳር የሰማኋት ባለ ጺሟ ዓሣ የመሰንቆው ወገን ናት። ሊቃውንቱ ሲኖዶንቲስ ይሏታል። የክንፏ እሾህ ሥሩ ሸካራ ነው። እሾሁን ስታንቀሳቅስ ሸካራው ሥር ከትከሻ አጥንቷ ጉድጓድ ጋር ይፋተግና ያ «ሲጢጥ» የሚለው ድምፅ ይወጣል። የባሕር ፈረስ የሚባለው ትንሽ ዓሣም የራስ ቅሉን አጥንቶች አፋትጎ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያወጣል። ጉሮሯቸው ውስጥ ያለውን ጥርስ እያፋጩ የሚያጉረመርሙም አሉ።

ከበሮው የአየር ከረጢት ነው። አብዛኞቹ ባለ አጥንት ዓሦች በሆዳቸው ውስጥ አየር የሞላው ከረጢት አላቸው። ዋና ሥራው ዓሣው ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ባለበት ጥልቀት እንዲረጋ ማድረግ ነው። ብዙዎቹ ግን በዚህ ከረጢት ላይ የተጣበቀ ጡንቻ አላቸው፤ ጡንቻው ሲኮማተርና ሲላላ ከረጢቱ እንደ ከበሮ ይርገበገባል። በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚኖረው፣ በእንግሊዝኛ «እንቁራሪት ዓሣ» ሊባል የሚችል ስም የተሰጠው መልከ ጥፉ ፍጥረት ይህንን ጡንቻ በአንዲት ሴኮንድ እስከ 200 ጊዜ ያህል ያኮማትራል። አከርካሪ ካላቸው እንስሳት ጡንቻዎች እጅግ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ወንዱ ጎጆውን ሠርቶ ሴቷን «ነይ» ለማለት!

ከሁሉ የሚገርመኝ በ2024 ዜናው የተሰማላት ዳኒዮኔላ የምትባል የምያንማር ዓሣ ናት። ቁመቷ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ገላዋም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ወንዱ ግን ትንሽ የልም አጥንት ወደኋላ ስቦ ወደ አየር ከረጢቱ ሲወረውረው በቅርብ ርቀት ከ140 ዴሲቤል የሚበልጥ ድምፅ ይፈጥራል።

ለቁጥር ወዳዶች ደግሞ ይኸውና፦ በ2022 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚለው ባለ ጨረር ክንፍ ከሚባሉት የዓሣ ዓይነቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚገኙት በድምፅ የሚግባቡ አባላት ሳይኖሯቸው በማይቀሩ ቤተሰቦች ውስጥ ነው። ይህ ችሎታም በዓሦች የዘር ታሪክ ውስጥ ቢያንስ 33 ጊዜ ለየብቻ ተፈጥሯል። ጅማሬው እስከ 155 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። የሰው ልጅ ከመናገሩ በፊት፣ ወፍም እንዲህ እንደ ዛሬው ከመዘመሩ በፊት፣ ዓሣ ያወራ ነበር ማለት ነው።

ያ የሰውየው ልጅ በደስታ የምትግጠው ቆሮሶስ? አዎ፣ እሱም ይሰማል! በ2013 የታተመ ጥናት ቆሮሶ፣ ወንዱም ሴቷም፣ ክልሉን ሲከላከል ድምፅ እንደሚያሰማ ገልጿል። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ የምታሳድግ እናት ናት። እኛ «አፍ የሌላት» የምንላት ፍጥረት አፏን ለልጆቿ መኖሪያ አድርጋዋለች።

*

ታዲያ ይህ ሁሉ ጫጫታ እያለ እንዴት ሳንሰማው ኖርን? ጥፋቱ የማን ነው?

በከፊል የውሃው ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በውሃ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ይገሠግሣል። ነገር ግን ከውሃው ገጽ ሲደርስ እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ወደ አየር የሚያልፈው የድምፁ ጉልበት ከሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። በሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ የሞገዱን ሹክሹክታ የሚያዳምጥ ባለቅኔ «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» ቢል አይፈረድበትም። ቅጥር ግቢው ውስጥ ሠርግ አለ፤ እሱ ግን ከወፍራም ግድግዳ ውጭ ቆሟል።

የቀረው ግን የእኛው ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶ የተባለው ዝነኛ የፈረንሳይ ባሕር ጠላቂ በ1953 ያሳተመውን መጽሐፍ፣ ከዚያም ከሉዊ ማል ጋር ሠርቶ በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘበትን ፊልም «ዝምተኛው ዓለም» ብሎ ሰየመው። ውሃው ውስጥ ገብቶ እንኳ አልሰማም! በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ የማይረሳ ትዕይንት አለ። መርከባቸው የአንዲት ዓሣ ነባሪ ግልገል ትጎዳለች፤ ከሥቃይዋ ለመገላገል ይገድሏታል። ደሙ የጠራቸው ሻርኮች መጥተው ሲቀራመቷት መርከበኞቹ በንዴት ሻርኮቹን እየጎተቱ አውጥተው በመጥረቢያና በዱላ ይጨፈጭፏቸዋል። ዓሣ ነባሪ የዓሣ ዘር ሳይሆን እንደኛ አጥቢ ናት፤ ሻርክ ዓሣ ነው። ለአንዷ ታዘነ፣ በሌላው ላይ ተፈረደ። የጫሞዋን ሕፃን አስታወሳችሁ?

የሰው ልጅ የዓሣን ድምፅ በትጋት ማዳመጥ የጀመረው በምን ምክንያት እንደሆነ ብታውቁ ደግሞ ታዝናላችሁ። በጦርነት ነው። በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጀርመንን ሰርጓጅ መርከቦች ለመጠበቅ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ ላይ የውሃ ውስጥ ማዳመጫ ዘርግቶ ነበር። ጸደይ ሲገባ መሣሪያው አስፋልት እንደሚሰብር መዶሻ ባለ ጩኸት ተጥለቀለቀ። ጠላት አልነበረም። ሊራቡ የመጡ ዓሦች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ያው ባሕር ኃይል ጥናቱን ሲደግፍ፣ ሥራውን ከያዙት ዋነኛዋ ማሪ ፊሽ የምትባል የሮድ አይላንድ ሳይንቲስት ሆነች። ከባሏ የወረሰችው የቤተሰብ ስም ትርጉሙ «ዓሣ» መሆኑ የአጋጣሚ ቀልድ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን እያዳመጠች ቆይታ በ1970 ከባልደረባዋ ጋር የሰሜን ምዕራብ አትላንቲክ ዓሦችን ድምፅ የያዘ መጽሐፍ አሳተመች።

የስዊድኑ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። በጥቅምት 1981 አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በስዊድን የባሕር ኃይል ሠፈር አቅራቢያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ስዊድኖች ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። በባሕራቸው ሥር የሚፈላ ውሃ የሚመስል ድምፅ በተሰማ ቁጥር «ሩሲያ መጣች» ይላሉ። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ እንኳ ድምፁ አልቆመም። በ1996 ሁለት የድምፅ ባለሞያዎች ተጠርተው ምሥጢራዊውን ቅጂ ሲያዳምጡ ነገሩ ሌላ ሆነ፤ የሄሪንግ ዓሣ መንጋ ነበር! ሄሪንግ የዋሽንቱ ወገን ነው፤ ከአየር ከረጢቱ በኋላው በኩል አየር ሲያስወጣ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ ይሰጣል። በ2003 የታተሙ ምርመራዎች እንዳሳዩት ድምፁ የሚበዛው በጨለማና መንጋው ሲበረክት ነው፤ ተመራማሪዎቹም በሌሊት እንዳይጠፋፉ የሚጠራሩበት ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። አንዱ መንግሥት በሌላው ላይ ጣቱን የቀሰረው፣ ዓሦች በጨለማ «አለህ ወይ? አለሁ» ሲባባሉ ነበር።

በካሊፎርኒያ ሳውሳሊቶ ከተማ በጀልባ ቤት የሚኖሩ ሰዎችም በ1980ዎቹ እንዲሁ ሆኑ። በበጋ ሌሊት ቤታቸው በማያቋርጥ እምምታ ይንቀጠቀጣል። የፍሳሽ መግፊያ ሞተር ነው አሉ። የጦር ሠራዊቱ ሥውር ሙከራ ነው ያሉም ነበሩ። ዓሣ ነው የተባሉ ቀን ማን ይመን! ወንዱ ከድንጋይ ሥር ጎጆ ሠርቶ ሴቷን የሚጠራበት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ እንጉርጉሮ ነበር። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ቀርቶ የሚጠብቀው አባት ነው። የከተማው ሰው እውነቱን ካወቀ በኋላ ለዓሣው በዓል እስከማዘጋጀት ደረሰ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው፤ የማን እንደሆነ ሲታወቅ ግን ረብሻ የነበረው ዘፈን ሆነ።

*

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልመለስ።

አሪስጣጣሊስ በእንስሳት ታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ይህንን ነገር ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ነክቶታል። አንዳንድ ዓሦች እንደሚያጉረመርሙና እንደሚንጫጩ ያውቅ ነበር፤ አንዱ በስንጥቡ መፋተግ፣ ሌላው በሆዱ አካባቢ ባለው ነገር ነው ብሎም ጽፏል። ይሁንና ሳንባና ጉሮሮ ስለሌላቸው ይህ ተራ ድምፅ እንጂ «ልሳን» አይባልም ሲል ለየው። በሌላው በፖለቲካ መጽሐፉ ደግሞ ልሳን የሕመምና የደስታ ምልክት መሆኑን፣ ስለ ፍትሕና ስለ በደል መናገር ግን የሰው ብቻ መሆኑን ያስተምራል። ሁለቱን ካገጣጠምናቸው ዓሣ ከሁለቱም በር ውጭ ይቀራል። ድምፅ አለው፣ አይቆጠርለትም።

የኛ ቋንቋ ግን እንዲህ በቀላሉ አያስወጣውም። በአማርኛ የበር መንጫጫትም ድምፅ ነው፤ የዘፋኝም ጉሮሮ ድምፅ ነው፤ በምርጫ ሣጥን የሚገባውም ወረቀት ድምፅ ይባላል። «ድምፅ የሌለው» ስንል ዱዳውን ብቻ ሳይሆን መብት ያጣውንም ማለታችን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን «መስማት» የሚለው ቃል ነው። ጆሮ ይሰማል። ቋንቋ የሚያውቅ ሰው «አማርኛ ይሰማል» ይባላል። ታዛዥ ልጅ «የሚሰማ» ነው። ሲያመን ደግሞ ምን እንላለን? «ሕመም ይሰማኛል።» ስሜት ራሱ ከመስማት የወጣ ቃል ነው። አባቶቻችን የሚያመውን ሰውና የሚያዳምጠውን ሰው በአንድ ግስ አስረዋቸዋል። የአንዱ ሕመም ለራሱ ይሰማዋል፤ የእኛ ግዴታ ደግሞ እሱን መስማት ነው።

እንግዲህ «ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። በ2003 በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ አቅራቢያ በሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ሊን ስኔዶንና ባልደረቦቿ በትራውት ዓሣ ፊት ላይ ጉዳትን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች መኖራቸውን አሳዩ። ከንፈራቸው ላይ የንብ መርዝ ወይም የኮምጣጤ አሲድ የተወጉት ትራውቶች ሲተነፍሱ ፈጠኑ፤ ወደ ምግብ ለመመለስም ዘገዩ። አሲዱ የነካቸው ደግሞ ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ይፋትጉ ጀመር። አልጮኹም። እኛ የምናውቀውን ዓይነት ልቅሶ አላለቀሱም። ከንፈራቸውን ጠጠር ላይ አሹ፣ በቃ።

ይህንን የማይቀበሉ ሊቃውንት መኖራቸውን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ዓሣ እንደ ሰው ያለ የአንጎል ቅርፊት ስለሌለው ሰውነቱ ለጉዳት መልስ ይሰጣል እንጂ ሕመሙን አውቆ አይሠቃይም ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ነገር ግን አስተውሉ፤ ክርክሩ ስለ ድምፅ አይደለም። ከሁለቱ ወገን «ስላልጮኸ አላመመውም» የሚል የለም። እንዲህ የምንለው እኛ ነን፤ ገበያ ላይ፣ ምጣድ ዳር፣ ምግብ ቤት ውስጥ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳብኛል። «ወዳጄ፣ የዓሣን ድምፅ አታክብደው። የሄሪንግ ቅጭልጭል ጸሎት አይደለም። የእንቁራሪት ዓሣ እንጉርጉሮ የጋብቻ ጥያቄ እንጂ የብሶት ማመልከቻ አይደለም» የሚል። እውነት ነው። እንዲያውም ልጨምርላችሁ፤ ለዓሣ መናገር ብዙ ጊዜ አደጋ ነው። በሜክሲኮ፣ የኮሎራዶ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ደለል አካባቢ ኮርቪና የሚባል ዓሣ ለመራባት በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ይሰበሰባል። ኅብረ ዝማሬው እስከ ዛሬ ከተቀዱት የዓሣ ድምፆች ሁሉ የገነነ መሆኑን በ2017 የወጣ ጥናት መስክሯል። አስጋሪዎቹ መሣሪያ እንኳ ሳያሻቸው በጀልባቸው ወለል በኩል ያዳምጡትና መረባቸውን እዚያው ይጥላሉ። እንቁራሪት ዓሣው በበኩሉ የዶልፊንን የአደን ድምፅ ሲሰማ እንጉርጉሮውን ይቀንሳል። የሚበላው መጣ ማለት ነውና።

ስለዚህ የሰውየው አባባል ግማሽ ብቻ ነው። ዝም ያለ ይበላል፤ የተናገረም ይበላል። ጫሞ ላይ ያለቀሰችው ያቺ ባለ እሾህ ዓሣ ወደ ውሃው አልተመለሰችም፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ነው የገባችው። ድምፅ ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ሰሚ ነው።

ደግሞም «የሚያለቅሰውን ማርልኝ» የሚለው ሕግ በእርግጥ ዝም ያለው ላይ ሲደርስ ምን ሊል ነው? እስከ ቅርብ ጊዜ ሻርክ ድምፅ የለውም ይባል ነበር። በ2025 በኒው ዚላንድ አንድ ትንሽ የሻርክ ዓይነት በሰው እጅ ሲያዝ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እንደሚያሰማ ታተመ። እና ምን እናድርግ? እስከ 2024 የተገደለው ሻርክ ሕመም አልነበረውም፣ ከ2025 ወዲህ ግን አለው እንበል? ይህ እንደማይሆን ማንም ያውቃል። ዕውቀታችን አደገ እንጂ የሻርኩ ገላ አልተለወጠም።

በአገራችን አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? በግና በሬ ሲታረድ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የፈጣሪ ስም ይጠራል። በዚህም ምክንያት አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም አንድ ማዕድ እንቀርባለን፤ የሚታረድ ነገር የለምና። ለሰላማችን ጥሩ ነው፤ እኔም ከሙስሊም ወዳጆቼ ጋር ስጋበዝ የዳንኩት ብዙ ጊዜ በዓሣ ነው። በየሁዳዴው «ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም» እያልን ስንከራከርም እሰማለሁ። የምንከራከረው ግን ስለ በይው ነው። ስለሚበላው ተከራክረን አናውቅም። ለበጉ ቢያንስ አንዲት ቃል እንላለን። ዓሣው ግን መሬት ላይ አፉን እየከፈተ ሲቆይ፣ ቃልም ቢላም የለውም። ይህ የሃይማኖት ስሕተት ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለኝም። እኔ የማነሳው ስለ ጊዜው ርዝመት ነው። የሚጮኸውን ቶሎ እንገላግለዋለን፤ ዝም የሚለውን ራሱ እስኪጨርስ እንተወዋለን።

*

ይህንን ሁሉ ስለ ዓሣ ብቻ የጻፍኩ እንዳይመስላችሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ዝምተኛ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያወራል፣ ሁሉም ያማርራል፤ እሷ ግን «ደህና ነኝ» ትላለች። አንድ ሰሞን የቡና ረከቦቷን ከወለሉ አንሥታ በርጩማ ላይ አደረገችው። እኛ ወደድነው። «ዘመናዊ ሆነች!» ብለን ቀለድን፤ እኔ ራሴ አመሰገንኳት። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን ትንሿ ልጅ እንድታጥብላት ትሰጥ ጀመር። ቀጥሎ እንጀራ የምትጋግርበትን ቀን ቀነሰች። ሐኪም ቤት ስንወስዳት ጀርባዋ ውስጥ የነበረው በሽታ ከከረመ ቆይቷል ተባለ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር አልን፦ «ምንም ሳትል!»

ምንም ሳትል? ረከቦቱን ወደ በርጩማ ያወጣችው ማጎንበስ አቅቷት ነበር። በየጠዋቱ ነግራናለች። በአፏ አልነበረም እንጂ ከንፈርን ጠጠር ላይ እንደማሸት ያለ ንግግር ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን በመሐላችን የውሃ ገጽ ነበረ፤ ከሺህ አንዱን እንኳ አላሳለፈም። እኛም ከውጭ ሆነን «እንዴት ያለ ጸጥታ ነው» አልን።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» የሚለው ተረት የሚጠቀሰው እንደ ምክር ነው፤ ጩህ፣ ተናገር፣ ይሰጥሃል ለማለት። እኔ ግን ዛሬ ዛሬ እንደ ክስ ነው የምሰማው። ተረቱ የሚናገረው ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ጡቱ ባለቤት ነው። ልጅ እስኪጮኽ የምትጠብቅ እናት ምን ዓይነት እናት ናት?

በ2017 መጨረሻ ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል ክምር ውስጥ፣ ሙቀት ገድሎት ጸጥ ባለ ሥፍራ የድምፅ ማጉያ ወደ ውሃ አወረዱ። የጤነኛ ኮራል ሠፈር ጫጫታ እየቀዱ ለ40 ቀን አሰሙት። ጸጥታው ካልተነካው ሥፍራ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ዓሣ መጥቶ ሠፈረ። ኮራሉ አልዳነም፤ ይህንን ማጋነን አይገባም። ግን ድምፅ የት እንዳለ ለሚያዳምጥ፣ ሕይወትም ወዴት እንደምትሄድ ይታወቃል።

እናንተ «አንተስ ዓሣ ትተሃል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልተውኩም። ጾመኛ ነኝ፣ ቆሮሶም እወዳለሁ፤ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ ልጽፍ አልችልም። የለወጥኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ከአስጋሪ በቀጥታ ስገዛ አየር ላይ እስኪሞት እንዳያቆዩት፣ ወዲያው እንዲጨርሱት እለምናለሁ። ይስቁብኛል። ሁለተኛው፣ «ምንም አይለውም» ማለት ትቻለሁ። ስለ ዓሣም፣ ስለ ሰውም። ትክክለኛው አማርኛ «አልሰማሁትም» የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በመጀመሪያው ጉዳዩ ተዘጋ፣ በሁለተኛው ግን አንድ ሥራ ይቀረኛል።

የጫሞዋ ሕፃን ዛሬ አድጋ ይሆናል። ባገኛት የማለቅሰውን አልበላም በማለቷ አልነቅፋትም፤ ከብዙዎቻችን ትሻላለች፤ ቢያንስ የሰማችውን አልካደችም። አንድ ነገር ብቻ እነግራት ነበር፤ ቆሮሶውም ይናገራል እኮ! ከዚያ በኋላ የምታደርገውን ራሷ ታውቃለች።